የፒክአፕ ዲፈረንሻል ዘይት፦ "ዘጠና ጨምርበት" ብቻ አይበቃም

ይሄን የምጽፈው ለሾፌርም ለባለንብረትም ነው፣ በተለይ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ አዲስ ለጀመሩ ልጆች። ሃይሉክስ በሉት ዲማክስ፣ ሃርድቦዲ በሉት ኤል200፣ የኋላው ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) አሰራሩ ተቀራራቢ ነው፣ የሚበላሽበትም ምክንያት ተቀራራቢ ነው። የጎማ ንፋስ፣ የክሮቸራ (ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ መገጣጠሚያ) መላላት፣ የላላ ቡሎን እነዚህን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምነሳው።

ከኋላ የሚጮህ ድምጽ

ምልክቱ ይሄ ነው። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሄዱ ከኋላ ቀጭን ረጅም ድምጽ ይመጣል፣ ነዳጅ ስትረግጡ ይብሳል፣ እግራችሁን ስታነሱ ይቀየራል ወይ ይጠፋል። ብትረግጡም ብትተዉም ያው ሆኖ መሪውን ግራና ቀኝ ስትሉ ብቻ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቀለበት) ነው፣ ዲፈረንሻሉን እንዳትነኩት።

ምክንያቱን በተመለከተ እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ላይ የማገኘው አንድ ነገር ነው፣ የተሳሳተ ዘይት። ሰው ሱቅ ሄዶ "ዘጠና ስጠኝ" ይላል፣ ባለሱቁም ዘጠና ይሰጠዋል፣ በቃ። ዘጠና የሚለው ቁጥር የሚነግራችሁ የዘይቱን ውፍረት ብቻ ነው። ዲፈረንሻሉን የሚያድነው ቆርቆሮው ላይ ኤፒአይ (የዘይት ደረጃ መለያ) ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈው ጂኤል-4 ወይ ጂኤል-5 የሚለው ነገር ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አያነበውም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ፒኞኑ (ትንሹ ጥርስ) ኮሮናውን (ትልቁን ክብ ጥርስ) የሚነካው ልክ መሃሉ ላይ አይደለም፣ ዝቅ ብሎ ነው። ሃይፖይድ የሚባለው አሰራር ይሄ ነው፣ ጥርሶቹ እየተንከባለሉ ብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ነው የሚሰሩት። መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ጥርስና ጥርስ መሃል ያለው ዘይት ተጨምቆ ይወጣና ብረት ከብረት ሊገናኝ ይደርሳል። እዚህ ጋ የሚደርሰው ጂኤል-5 ዘይት ውስጥ ያለው የድኝና የፎስፈረስ ኬሚካል ነው፣ ሙቀትና ጫና ሲያገኘው ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሰራል፣ ሽፋኑ ይፋቃል፣ እንደገና ይሰራል፣ ጥርሱ ግን አይነካም። ጂኤል-4 ላይ ይሄ ኬሚካል በግምት ግማሹ ነው። ጂኤል-1 ላይ ጭራሽ የለም። ምንም ያልተጻፈበት ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጠው ዘጠና ደግሞ ምን እንዳለው የሚያውቀው የሸጠው ሰው ነው፣ እሱም ካወቀ።

አንድ ዲማክስ ትዝ ይለኛል፣ አባይ በረሃን እየወጣ እየወረደ ወደ ደጀን ዕቃ የሚያመላልስ። ሾፌሩ "ጋሼ፣ ዘይቱን በቅርብ ነው ያስቀየርኩት፣ ከዘይት ጋር አይገናኝም" ብሎ ሊከራከረኝ ነበር። ታፖውን (የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን) ስከፍተው የወጣው ዘይት ጥቁር ነው፣ ጸሐይ ላይ ስታዩት ያብረቀርቃል፣ ታፖው ላይ ባለው ማግኔት ደግሞ ጥፍር የሚያህል ስባሪ ብረት ተለጥፏል። ኮሮናው ላይ ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር ተቧጥጦ መስመር መስመር ሰርቷል። የትኛውን ዘይት ነው ያስጨመርከው ስለው "ለካምቢዮው የገዛነው ተርፎ" አለኝ። ጂኤል-4 ነው እንግዲህ። ለካምቢዮ፣ ማለትም ለማርሽ ሳጥን፣ የሚሆን ዘይት ነው፣ ለዲፈረንሻሉ ግን ሞት ነው። ትክክለኛውን ስሞላለት ድምጹ ቀነሰ፣ አልጠፋም፣ ምክንያቱም የተቧጠጠ ጥርስ በዘይት አይበቅልም። በመጨረሻ ኮሮናና ፒኞን በጥንድ ተቀየረ፣ ስንት እንዳወጣ ያወጣው ሰው ነው የሚያውቀው፣ ከአንድ ጋሎን ዘይት ዋጋ ጋር ግን አይወዳደርም።

እዚህ ጋ የማያስችለኝ ነገር አለ። ዲፈረንሻል ጮኸ ሲባል መልሱ "140 ጨምርበት" የሆነባቸው ሜካኒኮች አሉ። አዎ ድምጹ ይቀንሳል! ወፍራም ዘይት ድምጽ ያፍናል፣ ባለመኪናውም ተደስቶ ከፍሎ ይሄዳል። የተበላው ኩሽኔታ ግን እዚያው ነው ያለው። እንዲህ ተደርጎለት ወራት የሰራ ሃይሉክስ ጣርማ በር ዳገት ላይ የፒኞኑ ኩሽኔታ ተበትኖ ተጎትቶ መጥቶልኛል፣ መጀመሪያ ድምጹ ሲሰማ ቢከፈት ኩሽኔታ ብቻ ይቀየርለት ነበር፣ ሲመጣልኝ ግን ኮሮናውም ፒኞኑም አብረው ሄደዋል። 140 መጥፎ ዘይት ነው እያልኩ አይደለም። እንደ አፋር ላለ ሙቀት፣ ለከባድ ጭነት 85ደብሊው-140 ጂኤል-5 የሚፈቅዱ አምራቾች አሉ፣ የመኪናችሁ መጽሐፍ ከፈቀደ አድርጉት። ድምጽ ለመደበቅ ግን አታድርጉት።

ከዚህ የባሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ዲፈረንሻል ውስጥ የሚያፈሱት ናቸው። "ያው ዘይት ነው፣ ወፍሯል" ይላሉ። አይደለም! ካርቦን አለው፣ የብረት ብናኝ አለው፣ ለሃይፖይድ ጥርስ የሚሆን ኬሚካል የለውም። ይሄን ያደረገ ሰው መኪናውን ጠልቶታል ማለት ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ

የዲፈረንሻል 90 ከሞተር 40 በእጥፍ የሚወፍር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የሞተር ዘይትና የጊር ዘይት ቁጥር የሚለካው በተለያየ ሰንጠረዥ ነው፣ ዘይቱ 100 ዲግሪ ላይ ሲለካ የጊር 90 ውፍረቱ ከሞተር 40 እና 50 ጋር ነው የሚቀራረበው። ስለዚህ ቁጥር አይታችሁ ዘይት አታለዋውጡ።

80ደብሊው-90 ሲል ደግሞ የፊተኛው ቁጥር የብርድ ነው። 80ደብሊው እስከ 26 ከዜሮ በታች፣ 75ደብሊው እስከ 40 ከዜሮ በታች ድረስ ተፈትኖ ነው የሚያልፈው። ደብረ ብርሃን ሌሊት የቱንም ያህል ቢበርድ እዚያ አይደርስም፣ ስለዚህ ለብርድ ብላችሁ ብቻ 75 ፍለጋ አትዙሩ። አሜሪካ ሚኒሶታ ወይ ኮሎራዶ ያላችሁ ወገኖች ግን ክረምቱ ሌላ ነው፣ ለእናንተ 75ደብሊው-90 ሲንተቲክ ጥሩ ነው።

የመኪናው መጽሐፍ ከጠፋ፣ አብዛኞቹ የቆዩ ፒክአፖች (ሃይሉክስ ቪጎ፣ ሃርድቦዲ፣ የድሮው ዲማክስ) ላይ 80ደብሊው-90 ጂኤል-5 አያሳስትም። አዲሱ ሃይሉክስ ላይ ግን 75ደብሊው-85 የሚል አለ፣ እሱ የቀጠነው ነዳጅ ለመቆጠብ ነው፣ መጽሐፉን ሳታዩ "ይሄማ ቀጠነ" ብላችሁ አትወስኑ።

ሽታውም ይረዳችኋል። ጂኤል-5 ሲከፈት የድኝ ሽታ አለው፣ ይሰነፍጣል። አዲስ ዘይት ሸቶት "ይሄ የተቃጠለ ነው" ብሎ የመለሰ ሰው አይቻለሁ፣ ትክክለኛውን ነበር የመለሰው። ምንም ሽታ የሌለው፣ ማሸጊያው የተነካካ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ተዉት፣ ባዶ ቆርቆሮ ሰብስበው የሚሞሉ አሉ።

አቀያየሩ

መኪናው ተነድቶ ዘይቱ ሞቅ ሲል፣ ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ መጀመሪያ የላይኛውን የመሙያውን ታፖ ክፈቱ። የታችኛውን ቀድማችሁ አታፍስሱ!! የላይኛው ዝጎ ወይ ጠርዙ ተበልቶ እንቢ ቢል ዘይት የሌለው መኪና ይዛችሁ ቁጭ ነው፣ ስንቱ ልጅ ጋራዥ ውስጥ በዚህ ተይዟል። የላይኛው ከተፈታ በኋላ የታችኛውን ፍቱ፣ አፍስሱ፣ ማግኔቱን እዩ። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር ጤናማ ነው፣ ጥረጉት። በጣት የሚቆጠር ስባሪ ካለ ዲፈረንሻሉ ይከፈት፣ ዘይት ለውጦ መሸኘት ሌብነት ነው።

ስትሞሉ ቶዮታ ላይ የዘይቱ ልክ ከቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ጀምሮ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ ነው። ጣታችሁን አስገብታችሁ ንኩት። ሊትር እየቆጠራችሁ አትመኑ፣ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ክሪክ ላይ አንድ ጎን የተሰቀለ መኪና ላይም ልክ አይለካም። የታፖውን ወሸራ አዲስ አድርጉ።

መቼ ለሚለው፣ ጭነት ለሌለው 40,000 ኪሎ ሜትር፣ ጭነት ለሚጎትትና ፒስታ ላይ ለሚውል 20,000 ላይ እኔ አስቀይራለሁ። አዲስ ኮሮናና ፒኞን ከገባ መጀመሪያ 1,000 ኪሎ ሜትር ሳትጭኑ ንዱና ዘይቱን ድፉት፣ የመጀመሪያው ብናኝ ይውጣ።

ሲያፈስ

ከፒኞኑ ፊት ወይ ከጎማ በኩል ዘይት ወጣ፣ ፓራኦሊ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) ተቀየረ፣ ወር ሳይሞላ መልሶ አፈሰሰ። ፓራኦሊውን ሰደብን፣ ሌላ ገዛን፣ መልሶ አፈሰሰ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመተንፈሻው ነው። ከአክሱሉ በላይ አንዲት ትንሽ መተንፈሻ አለች፣ በጭቃና በአቧራ ትደፈናለች። ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ አየሩ ይሰፋል፣ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራኦሊው ገፍቶ ያወጣዋል። መተንፈሻዋን ፈታችሁ በናፍጣ እጠቡ፣ በአፍ ንፉባት፣ አየር ካላሳለፈች ቀይሯት። የምትሸጠው በርካሽ ነው። እሷን ሳያይ ሦስት ጊዜ ፓራኦሊ ያስቀየረ ባለንብረት አውቃለሁ፣ ሁለተኛው ሜካኒክ እንኳን ቀና ብሎ አላየም።

አንዳንዱ ደግሞ "ይብዛለት" ብሎ አክሱሉን አዘንብሎ ከልክ በላይ የሚሞላ አለ። እሱም ያፈሳል። በጎማ በኩል ከወጣ የፍሬን ሸራው ዘይት ጠጥቷል ማለት ነው፣ በቤንዚን አጥባችሁ አትመልሱት፣ ቀይሩት፣ ቁልቁለት ላይ የሰው ሕይወት ነው።

የፒኞን ፓራኦሊ ስትቀይሩ ዳዶውን ከመፍታታችሁ በፊት ምልክት አድርጉበት። ውስጥ ኩሽኔታውን በልኩ የሚይዝ የሚጨመቅ ቀለበት ያለባቸው አሉ፣ ዳዶውን በአየር ማጥበቂያ እስኪጮህ ድረስ ካጠበቃችሁት ቀለበቱ ይጨፈለቃል፣ ኩሽኔታው ይታፈናል፣ ይቃጠላል። ለፓራኦሊ የመጣ መኪና በድምጽ የሚመለሰው በዚህ ነው።

ዘይቱ ነጣ ካለ

ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። ጋምቤላ በክረምት የሚሰሩ፣ ወንዝ የሚያቋርጡ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው። የሞቀ ዲፈረንሻል ውሃ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይበርዳል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ በመተንፈሻው ወይ በደከመ ፓራኦሊ ውሃ ይስባል። አፍስሱት፣ ርካሽ ጂኤል-5 ሞልታችሁ ትንሽ ነድታችሁ እንደገና አፍስሱ፣ ከዚያ ዋናውን ሙሉ። አትቆዩ፣ ኩሽኔታ በውሃ በቶሎ ይዝጋል። ወንዝ ሥራችሁ ከሆነ መተንፈሻውን በጎማ ቱቦ ወደ ላይ፣ ከካሶኒው ስር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት።

ሲጠመዘዝ የሚንቀጠቀጥና የሚያንኳኳ

ጠባብ ቦታ ስታዞሩ ከኋላ ግጭግጭ እያለ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ኤልኤስዲ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚይዝ ዲፈረንሻል) ሊሆን ይችላል፣ ውስጡ ሸራ ያለው። እሱ ቆርቆሮው ላይ ኤልኤስዲ የሚል ዘይት ወይ ለብቻው የሚጨመር ማለስለሻ ይፈልጋል። ለማወቅ የፊት ጎማውን በታኮ ያዙ፣ የኋላውን በስታንድ አንሱ፣ ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ይለቀቅ፣ አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩ። ሌላው በተቃራኒ ከዞረ ተራ ነው፣ አብሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞረ ኤልኤስዲ ነው። በማብሪያ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል ያላችሁ ማለስለሻ አያስፈልጋችሁም፣ የሚሸጥላችሁንም አትስሙ።

የፊት ዲፈረንሻል አራት በአራት ላይ ይረሳል፣ የኋላውን ስትቀይሩ እሱንም ክፈቱ። ስትነሱ አንድ ጊዜ ድብ የሚል ከሆነ መጀመሪያ ክሮቸራውን እዩ።

የተረፈውን ጂኤል-5 "እንዳይባክን" ብላችሁ ካምቢዮ ውስጥ አትጨምሩ። መጽሐፉ ጂኤል-4 የሚል ካምቢዮ ላይ ያው ድኙ የሲንክሮናይዘሩን (ማርሽ ሳይጮህ እንዲገባ የሚያደርገውን ቀለበት) ነሐስ ሊበላው ይችላል፣ ከዚያ ማርሽ እየጮኸ መግባት ይጀምራል። ጋሎኑ ላይ በወፍራም ቀለም "ዲፈረንሻል ብቻ" ብላችሁ ጻፉበትና ለብቻው አስቀምጡት።