ድህነት የሚቀንስ ቢዝነስ እንዴት ይጀመራል? ከደብተር ጀምሩ

ድህነትን የሚቀንስ ቢዝነስ ለመጀመር የምታስቡ ሰዎች ከድርጅቱ ስምና ከሎጎው በፊት አንድ ደብተር ግዙ። የምሬን ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሀሳቡን ይዞ ነው የሚነሳው፣ አፕ እሰራለሁ፣ ሶላር እሸጣለሁ፣ ብድር እሰጣለሁ ይልና ከዛ በኋላ ሀሳቡ የሚሆንለት ድሃ ፍለጋ ይወጣል። እኔ የምላችሁ ተገላቢጦሹን ነው፣ መጀመሪያ የሰውየውን ኪስ እወቁት፣ ገንዘብ መቼ ይገባለታል፣ መቼ ይወጣበታል፣ ለሚሸጠው ነገር ዋጋ የሚቆርጥለት ማነው፣ ቢዝነሱ ከዛ ነው የሚወጣው።

እንዲህ ያለው ቢዝነስ ሶሻል ቢዝነስ ይባላል፣ ትርጉሙ ላይ ብዙ አላቆያችሁም። እርዳታ አይደለም ተራ ንግድም አይደለም። የባንግላዴሹ ፕሮፌሰር መሐመድ ዩኑስ እንደሚሉት ከሆነ ካፒታል ያወጣው ሰው ያወጣትን ብቻ መልሶ ይወስዳል፣ ትርፉ እዛው ሥራው ውስጥ ይቀራል፣ ዲቪደንድ የሚባል፣ ለባለድርሻ የሚከፋፈል ትርፍ ማለት ነው፣ የለም። ሌሎች ላላ አድርገው ለኢንቨስተሩም መጠነኛ ትርፍ ይፈቅዳሉ። በሁለቱም ግን ሥራው ወጪውን በራሱ ሽያጭ መሸፈን አለበት፣ ምክንያቱም የእርዳታ ገንዘብ ባለቀ ማግስት በሚዘጋ ነገር ላይ አንድ ቤተሰብ ኑሮውን እንዲመሰርት ማድረግ ለኔ ጭካኔ ነው።

እሺ ደብተሩ። ዓለም ባንክ በ2025 የከፋ ድህነት መለኪያውን በቀን 3 ዶላር አድርጎታል፣ የአገሮች የዋጋ ልዩነት ተስተካክሎ ማለት ነው፣ ከዛ በታች የሚኖረው ሰው ከ800 ሚሊዮን በላይ ነው። ግን በቀን 3 ዶላር ሲባል በየቀኑ 3 ዶላር እጁ ላይ የሚገባ እንዳይመስላችሁ፣ አማካይ ነው እኮ። ገበሬው ምርት ሲደርስ ጠቅለል ያለ ገንዘብ ያያል ከዛ ለወራት ምንም የለም፣ የቀን ሠራተኛው ዛሬ አግኝቶ ነገ ባዶ እጁን ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሀያ ሰላሳ ቤት ሂዱ፣ ቁጭ ብላችሁ የ12 ወሩን ገቢና ወጪ ከነሱ ጋር ሆናችሁ ጻፉ። ምን ትፈልጋላችሁ ብላችሁ ግን አትጠይቁ፣ ሰው እንግዳ ላለማስከፋት ሲል ያሳያችሁትን ሁሉ ጥሩ ነው ይላል። ትላንት ምን ገዛችሁ፣ ስንት ከፈላችሁ፣ ከማን ተበደራችሁ፣ ባለፈው ዓመት ልጅ ሲታመም ምን ሸጣችሁ፣ እንዲህ ነው የሚጠየቀው፣ የተከፈለ ገንዘብ ይሉኝታ አያውቅም።

ዩኑስ በ1976 ጆብራ በምትባል መንደር ያገኙት ይሄንኑ ነው። በርጩማ የሚሰሩ ሴቶች ነበሩ፣ ቀርከሃ መግዣ ስለሌላቸው ከነጋዴ ይበደራሉ፣ ያበደረው ነጋዴ ደግሞ የሰሩትን ለሱ ብቻ እሱ በቆረጠው ዋጋ እንዲሸጡ ያስገድዳቸዋል፣ ቀኑን ሙሉ ለፍተው የሚተርፋቸው ሳንቲም ነው። እንደዚህ የተያዙ 42 ሰዎች ተቆጥረው ከነጋዴው ለመላቀቅ ለሁሉም የሚያስፈልገው ድምር 27 ዶላር ሆኖ ተገኘ። ሴቶቹ ሙያው አላቸው፣ ጉብዝናው አላቸው፣ ያጡት መግዣዋን ነው፣ አንድ ሰው ደብተር ሳይዝ መጥቶ ቢሆን ኖሮ የበርጩማ አሰራር ስልጠና ይሰጣቸው ነበር።

ደብተሩ ከሞላ በኋላ አንድ ነገር ትመርጣላችሁ፣ ገቢያቸውን ልትጨምሩ ነው ወይስ ወጪያቸውን ልትቀንሱ። ሁለቱም ይረዳል፣ እኔ ግን ከቻላችሁ ገቢውን ያዙ እላለሁ፣ ገቢ ያገኘ ሰው የቀረውን ራሱ ይመርጣል። ባንግላዴሽ ውስጥ የፖል ፖላክ ድርጅት አይዲኢ ያስፋፋውን ትሬድል ፓምፕ ተመልከቱ፣ በእግር እየተረገጠ ውሃ የሚስብ ቀላል ነገር ነው፣ ከነማስገጠሚያው 25 ዶላር አካባቢ ያወጣ ነበር፣ ገበሬው በደረቁ ወቅት አትክልት አምርቶ ያንን ገንዘብ ቶሎ ይመልሳል፣ እናም ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ተሸጠ ነው ያልኩት፣ አልታደለም። በየአካባቢው የሚሰራው፣ የሚሸጠው፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚገጥመው ሰው ሁሉ የራሱን ትርፍ ስለሚያገኝ ድርጅቱ በሌለበትም ሥራው ይቀጥላል።

ሌላው መንገድ ዋጋ የሚቆርጠውን ሰው መቀየር ነው። ህንድ ጉጃራት ውስጥ አሙል በ1946 ሲጀመር ገበሬዎቹ ወተታቸውን የሚሸጡት ለደላላ ነበር፣ ወተት ደግሞ አያድርም፣ ስለዚህ ደላላው ያለውን ይቀበላሉ። ህብረት ስራ አቋቋሙ፣ ጠዋትና ማታ ወተቱ ይመጣል፣ ይለካል፣ ቅባቱ ይመረመራል፣ ክፍያው በዛ ልክ ነው፣ ፋብሪካውም የነሱው ነው። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ አምራቾች አሉት። አንዲት ላም ያላት ሴት ወተቷ በመሳሪያ ተለክቶ ነው የሚከፈላት፣ ይሄ ለኔ ከብዙ ፕሮጀክት ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋጋ። የተለመደው ወጪያችሁን ደምራችሁ ትርፍ ትጨምራላችሁ አይደል፣ እዚህ ጋ አይሰራም። ደብተራችሁ ላይ ሰውየው መክፈል የሚችለው ተጽፏል፣ ከዛ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ትሰራላችሁ፣ በዛ ዋጋ እንዲመጣ ምን መውጣት አለበት፣ ምን በርካሽ ነገር መተካት አለበት። ህንድ ማዱራይ ከተማ ያለው አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል በ1976 በ11 አልጋ ነው የተጀመረው፣ የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ሲያደርጉ ከውጭ የሚመጣው ሌንስ ለድሃ የማይቀመስ ሆነባቸው፣ በ1992 አውሮላብ የሚባል ፋብሪካ ከፍተው ራሳቸው አመረቱና ዋጋውን በብዙ እጥፍ አወረዱት። ከዛ መክፈል የሚችለው ይከፍላል፣ የማይችለው በነፃ ወይም በትንሽ ይታከማል፣ ሐኪሙ ግን ያው ነው።

ዋጋ እንዴት ስስ እንደሆነ ለማየት ግራሚን ዳኖን የሚባለውን ኩባንያ እርጎ እዩ። ባንግላዴሽ ውስጥ ለህፃናት ተብሎ በንጥረ ነገር የበለጸገ እርጎ በ5 ታካ (የአገሩ ገንዘብ ነው) ይሸጥ ነበር፣ በ2008 የወተት ዋጋ ሲንር ወደ 8 ታካ አወጡት፣ የገጠሩ ሽያጭ ወዲያው ወደቀ። 3 ታካ ብቻ እኮ ነው! በኋላ ኩባያውን አሳንሰው ዋጋውን አወረዱ፣ ከተማ ላይ ደግሞ በውድ እየሸጡ ገጠሩን መደጎም ጀመሩ። እናንተ ይሄን ከመጀመሪያው አስቡበት፣ ጥሬ እቃው ቢወደድ ልዩነቱን ማን ይሸከማል የሚለው ከመክፈታችሁ በፊት መልስ ይኑረው።

አከፋፈሉም እንደ ዋጋው ነው፣ አንዳንዴ እንደውም ይበልጣል። በየቀኑ ለኩራዝ ነጭ ጋዝ የሚገዛ ሰው በድምሩ የሶላር መብራት ዋጋ ያወጣል፣ ግን በአንዴ የለውም። ኬንያ ውስጥ ኤም ኮፓ የሚባል ኩባንያ ይሄን አይቶ መብራቱን በትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ሰጥቶ ቀሪውን በስልክ በኤም ፔሳ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ማስከፈል ጀመረ፣ ክፍያው ሲቋረጥ መብራቱ ይቆማል፣ ሲከፍል ይበራል፣ ጨርሶ ሲከፍል የራሱ ይሆናል። ገበሬ ላይ ግን የቀን ክፍያ አትጫኑ፣ ለሱ ከምርት ጋር የሚሄድ ይሁን።

ጥገናን አደራ። ፕሌይፓምፕ የሚባል ነገር ነበር፣ ልጆች በመጫወቻ እየተሽከረከሩ ውሃ ከጉድጓድ የሚያወጡበት፣ ሲያዩት ልብ ይነካል፣ በ2006 አሜሪካ ውስጥ 16.4 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገባለት። በኋላ በእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ሂሳቡ ሲሰራ ለታሰበው ሕዝብ ውሃ ለማድረስ ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። ልጆቹ ሲደክማቸው የሚያሽከረክሩት እናቶች ሆኑ፣ ሲበላሽም በመንደሩ ሰው የሚጠገን አልነበረም። ስለዚህ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ መለዋወጫው በእግር ስንት ሰዓት ያስኬዳል፣ ጠጋኙ ምን ያገኛል፣ ሶስቱንም ጻፉ። ጠጋኙ የሚያገኘው ነገር ከሌለ አይመጣም።

ብድር ልሰጥ ነው የምትሉ ደግሞ ቀስ በሉ። በ2015 የታተሙ የስድስት አገሮች ጥናቶች እንዳሳዩት አነስተኛ ብድር ይጠቅማል ግን ጥቅሙ መጠነኛ ነው፣ ብቻውን ብዙ ሰው ከድህነት አያወጣም። በዛ ላይ ለብዛት ሲሮጥ ይጎዳል፣ በ2010 ህንድ አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ አንድ ሰው ከብዙ ቦታ እየተበደረ ዕዳ በዕዳ ሲሆን መንግስት ጣልቃ ገባ፣ ክፍያውም ቆመ። ተበዳሪው ሌላ ቦታ ያለበትን ዕዳ ሳታውቁ አትስጡ፣ ሠራተኞቻችሁንም በሰጡት ብድር ብዛት ቦነስ አትክፈሉ።

የመነሻ ገንዘብ ላይ ባጭሩ፣ ግራንት፣ የማይመለስ ገንዘብ ማለት ነው፣ ካገኛችሁ ለሙከራና ለመሳሳት አውሉት እንጂ ዋጋ ለማርከስ አይሁን፣ ግራንቱ ሲያልቅ እውነተኛው ዋጋ ይመጣና ደንበኛው ይሸሻል። ኢንቨስተር ካስገባችሁ ትርፍ ሲመጣ የት እንደሚሄድ መመስረቻ ጽሁፉ ላይ አስፍሩት፣ በቃል የተባለ ነገር ገንዘብ ሲመጣ ይረሳል።

በመጨረሻ መለኪያው። ይሄን ያህል ሸጥን፣ ይሄን ያህል ሰው ጋ ደረስን የሚለው የናንተ ቁጥር ነው፣ የነሱ አይደለም። በዓመቱ ያንኑ ደብተር ይዛችሁ ወደነዛው ቤቶች ተመለሱ፣ ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ፣ ገና ያልደረሳችሁባቸውን ቤቶችም አብራችሁ ጠይቁ፣ አለበለዚያ ዝናብ ጥሩ ስለነበር የመጣውን ለውጥ የራሳችሁ ታደርጉታላችሁ። መጀመሪያ የምታንኳኩት ግን መግዛት ወይም መክፈል ያቆሙትን ሰዎች በር ይሁን።