ዜሮ ቢከመር ድምፅ አይሆንም

ክራሬ ባለ ስድስት አውታር ነው። ስድስተኛው ከአንደኛው አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ ማለትም በትክክል ሲቃኝ ድግግሞሹ እጥፍ ነው። አንድ ማታ ሁለቱን አብሬ ስመታቸው ድምፁ ይርገበገባል። ቅኝቱ እንደተዛባ ጆሮዬ ነግሮኛል። ቀርጬ ስፔክትረሙን (በየድግግሞሹ ያለውን የድምፅ መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) ሳየው ግን ያለው አንድ ጉብታ ብቻ!

የወሰድኩት 4,096 ሳምፕል (የድምፁ ተከታታይ ልኬት) ነበር። በ44,100 ሳምፕል ሬት (በሰከንድ 44,100 ልኬት) ይህ 93 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። «የግራፉ ነጥቦች ተራርቀው ይሆናል» ብዬ ሳምፕሎቹ 65,536 እስኪሆኑ ከኋላቸው ዜሮ ሞላሁበት። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ከ10.77 ወደ 0.67 ሄርዝ ወረደ። ግራፉ እንደ ሐር ለሰለሰ። ጉብታው ግን ያው አንድ።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፦ ነጥብ ማብዛትን ሪዞሉሽን (ሁለት ተቀራራቢ ድግግሞሾችን የመለየት አቅም) ማሳደግ አድርጎ ማየት። የአንደኛው አውታር ሁለተኛ ሃርሞኒክ (የመሠረታዊ ድግግሞሹ እጥፍ) 440 ሄርዝ፣ ስድስተኛው አውታር 445 ነው እንበል። ልዩነቱ 5 ስለሆነ በሰከንድ 5 ጊዜ ይርገበገባል። አንዱ መርገብገብ 200 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። እኔ ለኤፍኤፍቲው (ስፔክትረሙን ለሚያወጣው ስሌት) ያሰማሁት ግማሹን እንኳ አይሞላም። ከኋላ የደረደርኩት ዜሮ ደግሞ ዝምታ ነው፤ ስለ አውታሩ ምን ሊነግረው? ሃን ዊንዶው (የቅጂውን ሁለት ጫፎች ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ማባዣ) ከተጠቀምን ጉብታው በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ 400 ሚሊሰከንድ አካባቢ ያስፈልጋል።

«እንግዲያው ሳምፕል ሬቱን ወደ 96,000 ላሳድገው» የሚልም አለ። ባሰበት! ያው 4,096 ሳምፕል አሁን 43 ሚሊሰከንድ ብቻ ሆነ።

ቅደም ተከተልም ያሳስታል። መጀመሪያ ዊንዶው፣ ከዚያ ዜሮ። ተገልብጦ ዜሮው ከቀደመ፣ ዊንዶው 65,536ቱ ላይ ይለጠጥና እውነተኛው ድምፅ ገና ዳገቱ ግርጌ ላይ ይቀራል። ድምፁ ይኮሰምናል፣ መጨረሻውም ድንገት ይቆረጣል። መጠኑን ስናሰላም ለ65,536 ካካፈልን ለ4,096 ከማካፈል በ16 እጥፍ ያንሳል። ማካፈል ያለብን ለዊንዶው ዋጋዎች ድምር ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ዜሮ መሙላትን እርግፍ አድርጎ መተውም አያዋጣም። ብቻውን ለሚሰማ አንድ አውታር የጉብታውን ጫፍ በትክክል ለማግኘት ግሩም ነው። መቃኛ ለመሥራት ይጠቅማል።

እኔ ግን ሁለት አውታር ነበረኝ። ክራር ቶሎ ስለሚከስም በደንብ መታሁና አንድ ሙሉ ሰከንድ ወሰድኩ። ሁለት ጉብታ! ስድስተኛውን ትንሽ ሳላላው መርገብገቡ ቆመ።