የቀድሞው ባለቤት የነካካውን ሞተር ሳይክል እንዴት መልሶ ማስተካከል ይቻላል?

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ሲገዙ የቀድሞው ባለቤት ምርጫ፣ ቁጠባና ችኮላ አብሮት ይመጣል። መሪው ተቀይሯል፣ ማርሚታው ያጉራል፣ ከመቀመጫው ሥር ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቀይ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ይህን ያየ አዲስ ባለቤት በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁሉንም ነቅሎ መጣል ያምረዋል። እኔ ግን ለጥቂት ጊዜ እጅዎን ይሰብስቡ እላለሁ። እያንዳንዱ ለውጥ የተደረገበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ለውጡን ካነሱት፣ ለውጡ ሸፍኖት የነበረው ብልሽት ብቅ ይላል።

1. ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት

ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ቀየሩ? ለምን ቀየሩ? የወለቁት ዕቃዎች የት አሉ? ከሦስቱ ዋናው የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው የፋብሪካውን ዕቃ በካርቶን አድርጎ አንድ ጥግ ያስቀምጥና ሞተሩን ሲሸጥ ይረሳዋል። ዝገትም ቢኖረው ይውሰዱት፤ አንዲት የመጀመሪያ የፕላስቲክ መያዣ ፍለጋ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ቀጥሎ ሞተሩን ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ፤ ከመቀመጫው ሥር፣ ከፊት መብራቱ ጀርባና ከሰልባትዮው በታች ያለውንም ጭምር። የዚያኑ ሞዴልና የዚያኑ ዓመት የጥገና መመሪያ ከነሽቦ ሥዕሉ ያግኙ። ከዚያ ተቀምጠው ያወዳድሩ፤ በሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ ይስፈር። ከጎኑም አደገኛ፣ የሚያስቸግር ወይም ምንም የማይል ብለው ይጻፉበት። ሥራው የሚሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

2. ሕይወት የሚነካው ይቅደም

ሞተሩን በገላጣ ቦታ፣ በዜሮ ማርሽ አስነስተው መሪውን ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ ቀስ አድርገው ያዙሩ። ድምፁ ከፍ ካለ፣ መሪው ሲቀየር የነዳጅ ገመዱ አልበቃውም ወይም በተሳሳተ መንገድ ተዘርግቷል ማለት ነው። በዚሁ እንቅስቃሴ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር፣ ሽቦዎቹም እንዳይቆነጠጡ ይመልከቱ። የፍሬን ዘይቱን ዓይነት ከክዳኑ ላይ ያንብቡ፤ በዶት 4 የሚሠራ ፍሬን ውስጥ ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 መጨመር የለበትም። ማን ምን እንደጨመረ ካልታወቀ፣ አሮጌውን አውጥቶ ትክክለኛውን መሙላት ከጥርጣሬ ያድናል።

ሻንሲው የተቆረጠ ወይም የተበየደ ከሆነ፣ በተለይም በመሪው አንገት አካባቢ፣ ነገሩ የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደለም። ሻንሲ መፈተሽ የሚችል ባለሙያ ሳያየው አይንዱት።

3. ሽቦው

አብዛኛው ጣጣ የሚገኘው እዚህ ነው። የፊት መብራቱን ከቤቱ አውጥተው አንዱን የናስትሮ ጥቅል ቀስ ብለው ይፍቱት። ሙጫው ወደ ጥቁር ዝፍት ተለውጦ ጣት ላይ ይለጠፋል፤ ከሥሩ በጥርስ የተላጠ የሚመስል ሽቦ ከሌላ ሽቦ ጋር ተጠምዝዞ ይወጣል፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። አንድ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ካገኙ ሌሎችም እንዳሉ ይቁጠሩ፤ ሰው አንድ ቦታ የሠራበትን መንገድ ሌላ ቦታም አይተውም።

ከባትሪው ይጀምሩ። በፋብሪካው ሥዕል ላይ ከሌለ፣ ከፖዘቲቩ በቀጥታ የሚነሳ ሽቦ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። እስከ ጫፉ ይከተሉት። የሚያገለግለው ነገር ከሌለ ከሁለቱም ጫፍ ያውጡት፤ ቆርጦ መሃል ላይ መተው ለሚቀጥለው ሰው እንቆቅልሽ ማውረስ ነው። የሚቆይ ከሆነ ከባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ ይኑረው። ተጨማሪ መብራቶች ከተገጠሙ ስሌቱ ቀላል ነው፦ እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት መብራቶች በ12 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባሉ። ይህን ያህል ኃይል በመሪው ላይ ባለች ትንሽ ማብሪያ በኩል ማሳለፍ ማብሪያዋን ማቃጠል ነው፤ በሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን ኃይል በሚያሳልፍ ማብሪያ) እና በ15 አምፔር ፊውዝ በኩል ይሂድ። የፊውዝ ሳጥኑንም ይክፈቱ፤ በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ወይም የብር ወረቀት ካገኙ አይደነቁ፣ ነገር ግን ፊውዙን ሲያቃጥል የነበረውን ምክንያት ሳያገኙ ሥራው አላለቀም።

ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ባትሪው የሚያልቅ ከሆነ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያስፈልጋል። ቁልፉን አጥፍተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ፤ መለኪያውን በ10 አምፔር ቦታ ላይ አድርገው በገመዱና በባትሪው መካከል ያስገቡት። በዚህ ጊዜ ማስነሻውን አይንኩ፣ መለኪያው ይቃጠላል። ጥቂት ሚሊአምፔር ለሰዓቱና ለመሰል ነገር የተለመደ ነው። 50 ሚሊአምፔር ግን በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ስለሆነ፣ 6 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአምስት ቀን ባዶ ይሆናል። አሁን ፊውዞቹን በየተራ ይንቀሉ፤ ቁጥሩ ያሽቆለቆለበት ፊውዝ ሌባው ያለበትን መንገድ ያሳያል። የትኛውም ፊውዝ ቁጥሩን ካልቀየረው፣ ሌባው ፊውዝ ሳይኖረው በቀጥታ ከባትሪው የተገናኘ ነው። ብዙ ጊዜ የስልክ ቻርጀር ወይም ርካሽ የስርቆት መከላከያ ይሆናል።

ገመዱን መልሰው ካሰሩ በኋላ ቮልቱን ይለኩ፦ አርፎ የቆየ ሙሉ ባትሪ ወደ 12.7 ያሳያል፤ ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ አለበት።

አምፖሎቹ ሁሉ እየሠሩ ፍሬቻው በጥድፊያ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ የተበላሸ ነገር የለም ማለት ይቻላል። አምፖሎቹ ወደ ኤልኢዲ ተቀይረዋል፤ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው የድሮው ሪሌ ደግሞ የሚስቡት ኃይል ስላነሰው አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ለኤልኢዲ የተሠራ ሪሌ ይግጠሙ። በጎን መቆሚያውና በፍሪሲዮኑ እጀታ ላይ ያሉት የደህንነት ማብሪያዎችም በሽቦ እንዳልተዘለሉ ይፈትሹ፤ ማርሽ ገብቶ መቆሚያው ሲዘረጋ ሞተሩ እንዲጠፋ ተደርጎ የተሠራ ከሆነ፣ መጥፋት አለበት።

4. አየር፣ ነዳጅና ማርሚታ

ክፍት ማርሚታና ሾጣጣ የአየር ፊልትሮ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። ሁለቱም የአየሩን መተላለፊያ ያቀሉታል፤ ካርቡሬተሩ ግን ነዳጁን የሚሰጠው ፋብሪካው በለካው ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ድብልቁ ይሳሳል፦ ነዳጅ ሲሰጡት ይደናገራል፣ ነዳጅ ሲለቁ ማርሚታው ይንጣጣል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ካንዴላው ሲወጣ ጫፉ ነጥቷል። ወደ ካርቡሬተሩ ከመሄድዎ በፊት ግን በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጎማ እንዳልተሰነጠቀ፣ የማርሚታው መጋጠሚያም አየር እንደማያስገባ ያረጋግጡ፤ ሁለቱም ከእነዚህ ምልክቶች አንዳንዶቹን ይሰጣሉ።

ምክሬ አጭር ነው፤ የፋብሪካውን የፊልትሮ ሳጥን ፈልገው ይመልሱ። በተለይ በአየር ግፊት ልዩነት በሚሠራ ካርቡሬተር ላይ ያ አስቀያሚ የፕላስቲክ ሳጥን የሥራው አካል ነው። ማርሚታውን ከወደዱት ይቆይ፤ የካርቡሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ ግን ከዚያ በኋላ ያስተካክሉ። ሞተሩ የተቸገረበት ቦታ የትኛው የካርቡሬተር ክፍል እንደሆነ ይነግርዎታል፦ የነዳጅ እጀታው ከሩብ በታች ሲከፈት የዝግታው ቀዳዳ፣ መሃል ላይ መርፌው፣ ከሦስት ሩብ በላይ ሲከፈት ዋናው ቀዳዳ ነው።

5. ካቴናና ቁመት

የፊቱና የኋላው ጥርሳማ ማርሽ ላይ ያሉትን ጥርሶች ይቁጠሩና ከመመሪያው ጋር ያወዳድሩ። ከፊት 15 የነበረው 14 ከሆነ፣ በዚያው ፍጥነት ሞተሩ 7 በመቶ ያህል አብልጦ ይዞራል። ፍጥነት መለኪያው ንባቡን ከካምቢዮ የሚወስድ ከሆነም በዚያው መጠን አጋንኖ ያሳያል። ዳገት ለሚበዛበት ሰው ጥሩ ለውጥ ነው፤ ረጅም ጎዳና ለሚነዳ ግን ጩኸት ነው።

ከኋላ ብቻ ዝቅ የተደረገ ሞተር ደግሞ የፊት መብራቱ ወደ ላይ ያያል፣ መሪው ይንቀረፈፋል፣ የጎን መቆሚያውም ስለሚረዝምበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ትንሽ ንፋስ ይጥለዋል። የፓራፋንጎውን ውስጥ በእጅ ባትሪ ይመልከቱ፤ ጎማው የፋቀው አብረቅራቂ መስመር ካለ፣ ቁመቱ መመለስ አለበት።

6. ብሎኖች

ጭንቅላቱ የተላጠ፣ ርዝመቱ ከጎረቤቱ የሚለይ ወይም ዳዶው የማይመስለው ብሎን ሲያዩ፣ እዚያ ቦታ ጥርሱ እንዳልጠፋ ይጠርጥሩ። ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ተራ ብሎን ወደ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ጉልበት አሉሚኒየሙን ይልጠዋል። ከሞተሩ ክዳኖች ዳር ወደ ውጭ የተረፈ ሲሊኮን ካለ ወደ ውስጥም ተርፏል፤ ተቆርጦ የዘይቱን ወንፊት ሊዘጋ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው የዘይት ቅያሬ ወንፊቱንም አውጥተው ይዩት።

7. አንድ በአንድ

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ ከዚያ ይንዱት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ፊልትሮውንና ካንዴላውን ባንድ ቀን ቀይረው ሞተሩ ቢብስበት የትኛውን ይከሳሉ? ጥሩ ሆነው የተገኙትን ለውጦች ደግሞ ስለፋብሪካው ክብር ብለው አይንቀሏቸው፤ በሥርዓት የተገጠመ የተሻለ ሞላ ወይም ምቹ መሪ ገንዘቡ የተከፈለበት ስጦታ ነው። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ የነኳቸውን ብሎኖች ሁሉ እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ የሠሩትን የሽቦ መጋጠሚያ ደግሞ መብራቱ በርቶ ከቆየ በኋላ በጣትዎ ይንኩት። የሚሞቅ ከሆነ እንደገና ይሥሩት።