ከሜንተር ጋር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ሜንተር ያዙ" የሚለው ምክር፣ ማለትም በሥራ ልምድ የቀደመ ሰው መካሪ አድርጉ የሚለው፣ በየሥልጠናው ይሰማል። ከያዙት በኋላ ምን እንደሚያደርጉበት የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙው ግንኙነት ከሁለተኛው ቡና አያልፍም፤ ወይም ዓመቱን ሙሉ "ሥራ እንዴት ነው?" "ደህና ነው" በመባባል ያልቃል። የሚከተሉት ስህተቶች ደጋግመው የሚታዩ ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

ሥራ እንደሚያስገባ ዘመድ ማየት

አንዳንዱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሲቪውን ለሜንተሩ በቴሌግራም ይልክና "ክፍት ቦታ ካለ አስቡኝ" ይላል። ነገሩ የሚበላሸው ያኔ ነው። ሥራ ያስገባኛል ብለው በሚጠብቁት ሰው ፊት ድክመትዎን አያወጡም፤ ሪፖርት መጻፍ እንደሚያስቸግርዎ፣ ስብሰባ ላይ ቃላት እንደሚጠፉብዎ ይደብቃሉ። እሱም ያላየውን ሊያርም አይችልም። ለዕድገት ስምዎን የሚያነሳልዎ ሰው ቢገኝ እሰየው፤ ነገር ግን አስተዋይ ሰው ሥራውን ለማያውቀው ሰው አፉን ሞልቶ አይመሰክርም።

የቅርብ ኃላፊን ብቸኛ መካሪ ማድረግ

ጥሩ አለቃ ብዙ ያስተምራል። ሆኖም የሥራ አፈጻጸም ምዘናዎን የሚሞላው እሱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለም የተባለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊሰናበት ይችላል። "ይህን ሲስተም አልሠለጠንኩበትም፣ የሚያሳየኝ ሰው ይመደብልኝ" ለአለቃ የሚነገር ነው። "ይህ ሙያ የእኔ መሆኑን እየተጠራጠርኩ ነው" የሚለውን ግን ከሌላ ክፍል ወይም ከሌላ መሥሪያ ቤት ለሆነ ሰው ቢያነሱት ይሻላል።

ይሉኝታ

በእኛ ዘንድ ትልቁ ችግር ይኸኛው ይመስለኛል። ሜንተሩ በዕድሜ ይበልጣል፣ "ጋሼ" ወይም "እትዬ" ይባላል፣ ጊዜውን ሰውቶ መጥቷል። "ሁሉ ሰላም?" ሲል "እግዚአብሔር ይመስገን" ይባላል፤ ከዚያ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ታክሲ ሰልፍ ሲወራ ሰዓቱ ያልቃል። ችግሩ ሲነሳም ተድበስብሶ ነው፦ "አለቃዬ አይወደኝም።" በዚህ ላይ ማንም ሊመክር አይችልም። "ማክሰኞ ያቀረብኩትን ሪፖርት በሰው ፊት ውድቅ አደረገው፤ እኔ የጻፍኩት ይኸው፣ እሱ የመለሰልኝ ኢሜይል ይኸው" ቢባል ግን መካሪው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ምናልባት ጥፋቱ የሪፖርቱ አቀራረብ ይሆናል፤ ምናልባት አለቃው ከስብሰባው በፊት ሊያየው ይፈልግ ነበር። ከውስጥ ሆኖ የማይታየው እንዲህ ያለው ነው።

የይሉኝታው ሁለተኛ ፊት ከምክሩ በኋላ ይመጣል። በልባችን ሳንስማማ "እሺ" እንላለን፤ ሳንሠራበት እንቀራለን፤ ከዚያ አፍረን ስልክ አናነሳም። ሜንተርን እንደዚህ ያለ ዝምታ የሚያርቀውን ያህል ክርክር አያርቀውም። "ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሞከርኩት፤ እንዲህ ሆነብኝ" ወይም "ይህኛው እኛ መሥሪያ ቤት የሚሠራ አልመሰለኝም፤ ምክንያቱም..." ማለት ድፍረት አይደለም፤ እንዲያውም ምክሩን በቁም ነገር እንደያዙት ያሳያል። በነገራችን ላይ ሜንተሮችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም፤ የራሳቸውን ታሪክ ሲተርኩ ውለው "ጥሩ ተወያየን" ብለው የሚነሱ አሉ። እንዲህ ያለውን "ወደ እኔ ጉዳይ ልመልስዎትና" ብሎ በትሕትና ማቋረጥ ነውር የለውም።

የሜንተሩን መንገድ መቅዳት

የባንክ ሙያን እንውሰድ። ከ1986ቱ የባንክ አዋጅ በኋላ የግል ባንኮች ሲከፈቱ የገባ ሰው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ ተራውን ጠብቆ አድጎ ሊሆን ይችላል። "ታገሥ፣ ይደርሳል" ቢል ከኑሮው ነው። ነገር ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2017 ባጸደቀው አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ተከፍቷል፤ የሞባይል ባንኪንግም የቅርንጫፍን ሥራ ቀይሮታል። ዛሬ የገባው ወጣት ያንኑ ደረጃ ቢወጣ ያው ቦታ ላይ ለመድረሱ ዋስትና የለውም። ስለዚህ "ምን አደረጉ?" ከማለት ይልቅ "ያኔ ሲወስኑ ምን ምን አመዛዘኑ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ዘመን ቢቀየርም አመዛዘኑ ያገለግላል።

የሕግ ጉዳይን በምክር ለመፍታት መሞከር

ደመወዝ ሲቀር፣ ስድብና ማስፈራራት ሲበዛ፣ ጾታዊ ትንኮሳ ሲፈጸም "ቻል አድርጊው፣ ያልፋል" የሚል ሜንተር ጉዳት ያደርሳል። ከላይ የጠቀስኩት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ አሠሪው ወይም የሥራ መሪው በሠራተኛው ላይ ከፈጸመው ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን የማቋረጥ መብት አለው። (የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ስለሆነ የራሱን አዋጅ ይመልከት።) ሜንተር እዚህ ላይ የሚጠቅመው ቀኑን፣ የተባለውንና ምስክሩን በጽሑፍ እንዲይዙ በማገዝ፣ ወደ ሠራተኛ ማኅበር ወይም ወደ ሕግ ባለሙያ በማቅረብ ነው።

ቀጠሮን ማንዛዛት

"ጊዜ ሲኖርዎ እንገናኝ" ቀጠሮ አይደለም። ቀንና ሰዓት ይቁረጡ፣ ለእሱ ወደሚቀርበው ቦታ ይሂዱ፣ ካልተመቸዎ ከአንድ ቀን በፊት ይደውሉ።

ሳይነግሩ መሄድ

የሜንተርነት ግንኙነትን ያጠናችው አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ካቲ ክራም በ1983 እ.ኤ.አ. አራት ምዕራፎች ለይታለች፤ መጀመር፣ መጎልበት፣ መለያየት፣ ከዚያም በአዲስ መልክ መቀጠል። መለያየቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ የሚያስቀይመው አለያየቱ ነው። ሥራ መልቀቅዎን ሜንተርዎ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ይከፋዋል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ደብዳቤውን ከማስገባትዎ በፊት ለሜንተርዎ ይደውሉ። ደብዳቤውን አይቶ ምሬት ያዘለችውን አንዲት መስመር ሊያሰርዝዎ ይችላል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃዎንም ሳይዙ እንዳይወጡ ያስታውስዎታል።