አደገኛ የልብ ምት መዛባት በካርታ እንዴት ይታከማል?

ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሳ ፈጣን ምት ቀልድ አያውቅም። ሰው በድንገት ራሱን ሊስት፣ ልቡም ሊቆም ይችላል። መነሻው ብዙ ጊዜ ጠባሳ ነው። የልብ ደም ስር ተዘግቶ ጡንቻ ሲሞት በጠባሳው መሃል ቀጫጭን ክሮች ሳይሞቱ ይተርፋሉ። ኤሌክትሪኩ በእነሱ ቀስ ብሎ ያልፍና ዞሮ እዚያው ይገባል። ልብን የሚያስጋልበው ይህ ዙር ነው። ሕክምናውም የልብን የኤሌክትሪክ ካርታ አንስቶ ይህን መንገድ መፈለግና አቃጥሎ መቁረጥ ነው።

1. መጀመሪያ ጠባሳው በኤምአርአይ ይታያል። ጋዶሊኒየም የሚባል ንጥረ ነገር በደም ስር ይሰጣል። ከጤነኛው ጡንቻ ቶሎ ይወጣል፣ ጠባሳው ላይ ግን ስለሚቆይ ቦታው ነጭ ሆኖ ይታያል። የኩላሊት ችግር ወይም ሰውነትዎ ውስጥ የተቀበረ መሣሪያ ካለ አስቀድመው ይናገሩ።

2. ደም ማቅጠኛ መድኃኒት በራስዎ አያቁሙ። ሐኪሙ ይወስን።

3. ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ደም ስር ገብቶ እስከ ልብ ይደርሳል።

4. አሁን ካርታው ይነሳል። ሰው የሚጠይቀው ስለ ማቃጠሉ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ሥራ ይሄ ነው። በአንደኛው ዘዴ ከአልጋው ስር ያሉ ማግኔቶች ደካማ መስክ ይፈጥራሉ። ኮምፒዩተሩም የካቴተሩ ጫፍ የት እንዳለ በዚያ ያውቃል። ጫፉ በነካው ቦታ ሁሉ የኤሌክትሪኩ ጉልበት ይመዘገባል። ነጥቦቹ ሲበዙ ልቡ በቀለም ተሞልቶ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። በተለምዶ ከ1.5 ሚሊቮልት በላይ ጤነኛ ነው፣ ሐምራዊ። ከ0.5 በታች ጠባሳ ነው፣ ቀይ። ቀይ ሁሉ ግን ጥፋተኛ አይደለም፤ ጨርሶ የሞተ ጡንቻ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሐኪሙ የሚፈልገው ዘግይቶ የሚመጣና የተቆራረጠ ምልክት ነው። ፈጣኑን ምት ሆን ብሎ ቀስቅሶ መከተልም ይቻላል፤ ችግሩ የብዙ ሕመምተኞች የደም ግፊት ያኔ መውደቁ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ካርታው በተረጋጋ ምት ይነሳል።

5. መንገዱ ተገኘ? የካቴተሩ ጫፍ በራዲዮ ሞገድ ጉልበት ቦታውን ያሞቃል። ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ሕዋሱ ይሞታል፣ ዙሩም ይቆረጣል።

6. በመጨረሻ ምቱን እንደገና ለመቀስቀስ ይሞከራል። እምቢ ካለ ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚያ እግርን ሳያጥፉ ለጥቂት ሰዓታት መተኛት ነው። ደም መፍሰስ፣ ስትሮክ ወይም የልብ ግድግዳ መበሳት ሊያጋጥም ስለሚችል ብሽሽትዎ ካበጠ፣ ደረትዎን ካመመዎት ወይም አንደበትዎ ከተሳሰረ ወዲያው ይናገሩ። ደረትዎ ላይ የተቀበረ ዲፊብሪሌተር (አደገኛ ምት ሲመጣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል መሣሪያ) ካለ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቆያል፤ ጠባሳው ስላልጠፋ ሌላ መንገድ ሊከፈት ይችላል።