«ንጽህና 99 በመቶ» ብቻውን አይበቃም

ለምርምር የሚሆን ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) ስትገዙ፣ የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን የንጽህና ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትረኩ። ቁጥሩ የሚገኘው ውህዶችን ለያይቶ በሚለካው በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ነው፤ መሣሪያው ካያቸው ውህዶች መካከል የዋናውን ድርሻ ይነግራችኋል። ያ ዋና ውህድ ያዘዛችሁት ስለመሆኑ ግን አንዳች አይናገርም። ፈጽሞ የተሳሳተ ፔፕታይድም 99 በመቶ ንጹህ ሊሆን ይችላል!

ማንነቱን ለማረጋገጥ የማስ ስፔክትሮሜትሪ (የሞለኪውል ክብደት ልኬት) ውጤት ጠይቁ። ለምሳሌ ኦክሲቶሲን የተባለው ፔፕታይድ አማካይ ሞለኪውላዊ ክብደት 1007.2 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ነው። የተለካው በ2 ዳልተን ከበለጠ፣ በውስጡ ያሉትን ሲስቴይን የተባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች የሚያስተሳስረው የሰልፈር ድልድይ ሳይዘጋ እንደቀረ ጠርጥሩ። (ሉሲን እና አይሶሉሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ክብደታቸው እኩል ስለሆነ፣ አንዱ በሌላው ቢተካ በዚህ ልኬት አይታወቅም።)

ብዙ ሙከራ የሚበላሸው ደግሞ ሚዛኑ ላይ ነው። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ውኃ እና ከዝግጅቱ የሚቀረው የትራይፍሎሮአሴቴት ጨው በንጽህናው ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ከ10 ሚሊግራም ዱቄት ውስጥ ፔፕታይዱ ከ10 ያነሰ ነው። ዱቄቱን ስታሟሙ በፈሳሹ ውስጥ የሚኖረውን የፔፕታይድ መጠን ከማስላታችሁ በፊት፣ በአሚኖ አሲድ ትንተና የተገኘውን የተጣራ ይዘት (ከዱቄቱ ውስጥ የፔፕታይዱን ብቻ ድርሻ) ጠይቁ፤ እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። የምስክር ወረቀቱ የምርት ዙር ቁጥር (ሎት) ብልቃጡ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑንም ተመልከቱ።