ለአቡነ ዮሴፍ ተራራ፦ የበጎ ፈቃድ ማኅበር የሥራ መመሪያ

ማኅበር ሲቋቋም መጀመሪያ የሚታሰበው ችግኝ ተከላ ነው። ላሊበላ አጠገብ ባለው፣ ከ4,200 ሜትር በላይ በሚዘልቀው በአቡነ ዮሴፍ አናት ላይ ግን ይህን ተዉት። የቀይ ቀበሮው ቤት ጓሳው፣ የደጋው ረጅም ሣር ነው፤ አድኖ የሚበላቸው አይጦች የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ነው። እዚያ ባሕር ዛፍ መትከል ጥበቃ ሳይሆን ጉዳት ነው። ጉልበታችሁን ለእግር መንገዱ፣ ለጎብኚውና ለውሻ ክትባት አውሉት።

ለመንገድ ጥገና የሚመቸው ግንቦት ነው፤ የበልጉ ዝናብ መሬቱን አለስልሶታል፣ ክረምቱም ገና ነው። አስቀድማችሁ የጥብቅ ሥፍራውን ኃላፊዎችና ቀበሌውን አስፈቅዱ፣ የቅሬ (የእድር) ሽማግሌዎችን አማክሩ። የትኛው መንገድ እንደተቦረቦረ ከስካውቶቹ፣ ከጥብቅ ሥፍራው ጠባቂዎች በላይ የሚያውቅ የለም። ሰው ከ15 አይብለጥ፤ ሲበዛ ከመንገዱ ዳር ያለው ጓሳ ይረገጣል። 4 ዶማ፣ 3 አካፋና 2 ድጅኖ ይበቃል።

መንገድ የሚያበላሸው ከእግር ይልቅ ጎርፍ ነው። ስለዚህ ውኃውን ከመንገዱ የሚያስወጣ የድንጋይ መቀልበሻ ሥሩ። ቦዩን መንገዱን አግድም ሳይሆን ሰያፍ፣ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩት። ረጃጅም ድንጋይ መርጣችሁ ሁለት ሦስተኛው እስኪቀበር አቁሙና ጫፍ ለጫፍ አጠጋጉት፤ በሁለቱም በኩል ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይለፍ። ከድንጋዩ በቁልቁለቱ በኩል አፈር ሞልታችሁ ጠቅጥቁት። መውጫው ወደ ሣር ወይም ወደ ድንጋያማ መሬት ይሁን፤ የሰው ገብስ ላይ የለቀቃችሁት ቀን የማኅበሩ ስም አብሮ ይታጠባል። ሲያልቅ ከላይ አንድ ጀሪካን ውኃ አፍስሳችሁ ሞክሩት።

አግድም የተሠራ መቀልበሻ በአንድ ዝናብ በደለል ይሞላል፤ ያጠረውን ውኃው በጫፉ ይዞረዋል፤ በደንብ ያልተቀበረውን የጎብኚ በቅሎ በኮቴዋ ትነቅለዋለች። ድንጋይ ቸገረን ብላችሁ የገበሬውን እርከን አታፍርሱ።

ለጎብኚው ሁለት ሰው መንገዱ መነሻ ላይ ይቁም። ስንት ሰው እንደወጣና መቼ እንደሚመለስ ይመዝግቡ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሽቅቡ ከባድ ነው፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ወደ ታች ይውረድ እንጂ «ትንሽ ነው የቀረን» አይባል። ለጭላዳ ዝንጀሮ ዳቦ አይሰጥም፤ ከለመደ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ጠቡም ከገበሬው ጋር ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቀበሮ የምትወልድበት ጊዜ ነውና ጉድጓዷን ማንም አይጠጋ፤ ከተረበሸች ግልገሎቿን ወደ ሌላ ጉድጓድ ለማዛወር ትገደዳለች።

ቀይ ቀበሮን በጅምላ የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ። «ውሻችሁን አስወግዱ» ማለት ግን አያዋጣም፤ የገበሬውን በግ ከጅብ የሚጠብቀው ውሻው ነው። ክትባቱን የሚወጋው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። የእናንተ ድርሻ ከሳምንት በፊት ቤት ለቤት ዞሮ ውሻ መመዝገብ፣ ቀኑን ከገበያ ቀን ማራቅና በዕለቱ ውሻው ታስሮ እንዲቆይ ማሳሰብ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቆየት ስላለበት የበረዶ ሳጥኑን የሚሸከም በቅሎ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

በሐምሌ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንዳባራ ወደ መቀልበሻዎቹ ተመለሱ፤ ደለሉን ዝቃችሁ መውጫውን ክፈቱ።